የወንድሜን የኤዲኤችዲ መድኃኒት እንዲቀይርልን ለዶክተሩ እንዴት ብዬ ልንገረው?

የአቡሽ እህት፦

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ትንሽ ሊረዝም ነው ግን ሁሉንም ካልነገርኳችሁ ነገሩ አይገባም።

የ10 ዓመት ወንድም አለኝ፣ እዚህ አቡሽ ልበለው። ጎንደር አዘዞ ነው የምንኖረው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ አያርፍም፣ ቁጭ ብሎ ምግብ አይጨርስም፣ ደብተር አውጣ ሲባል ቦርሳውን ይከፍትና ለምን እንደከፈተው ይጠፋበታል፣ አስፋልት ሲያቋርጥ ባጃጅ አያይም። ሰፈር ውስጥ ስሙ "ቀዥቃዣው" ነበር፣ ትምህርት ቤት ደግሞ በየጊዜው ወላጅ አምጣ። አምና ሆስፒታል ወሰድነውና ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና የመቀዥቀዥ ችግር) ነው ተባለ፣ ሜቲልፌኒዴት ብዙ ሰው ሪታሊን የሚለው ማለት ነው ተጀመረለት። አሁን ባለ 10 ሚሊግራሙን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አንድ ፍሬ፣ 6 ሰዓት ላይ አንድ ፍሬ ይወስዳል።

እውነት ለመናገር ትምህርቱ ላይ ለውጡ ይታያል። መምህሯ ራሷ ናት ደውላ "ልጁ እኮ ጥቁር ሰሌዳውን እስከመጨረሻው ገለበጠ" ያለችኝ፣ ስልኩን ይዤ አለቀስኩ። ስለዚህ መድኃኒቱ አልሠራም እያልኩ አይደለም።

ግን ምሳ አይበላም። በቃ አይበላም፣ ምሳ ዕቃው እንደሄደ ይመለሳል፣ እንጀራው እንደተጠቀለለ። ከ27 ኪሎ ወደ 25 ወርዷል። ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ደግሞ ሌላ ልጅ ነው የሚሆነው፣ እርሳሴ ወደቀ ብሎ ያለቅሳል፣ ታናሽ እህቱን ይመታል፣ ወደ 12 ሰዓት ሲጠጋ ረገብ ይላል። ማታ ደግሞ እስከ 5 ሰዓት ጣራ ጣራውን ሲያይ ነው።

ችግሩ ቀጠሮ ስንሄድ ነው። ሰው ብዙ ነው፣ ከጠዋት ወረፋ ይዘን ተቀምጠን ስንገባ "እሺ ልጁ እንዴት ነው?" ይባላል፣ እማዬ "ደህና ነው ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልን" ትላለች፣ ማዘዣ ይጻፋል፣ ወጣን። ሐኪሙም ሁልጊዜ አንድ ሰው አይደለም። እኔ አፌን ልከፍት ስል እማዬ በክርኗ ጎሸም ታደርገኛለች፣ በኋላ "ዶክተሩን ልታስተምሪው ነው እንዴ" ትለኛለች። ቤት ስንገባ ግን ራሷ ናት "መድኃኒቱ ልጄን አደረቀው፣ ይተወውና ጸበል ልውሰደው" የምትለው። አባዬ ዝም ነው። አሜሪካ ያለችው አክስታችን ደግሞ እዛ ጠዋት አንዴ ተውጦ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ አለ፣ ሰው ሲመጣ ልላክላችሁ እያለች ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ አለን። ዶክተሩን ሳላስቀይም፣ ያወቅኩ ያወቅኩ ሳልል፣ ሌላ መድኃኒት ይሞከርልን ብዬ እንዴት ልንገረው? ይኼ ነገር የደረሰበት ሰው ካለ እባካችሁ።


ጎንደሬው አባት፦

እህቴ አይዞሽ። የኔ ልጅ አሁን 12 ዓመቱ ነው፣ እኛም በዚሁ መንገድ አልፈናል።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ዶክተሩ የሚያየው የጠዋቱን አቡሽ ነው። መድኃኒቱን ውጦ፣ መድኃኒቱ በደንብ እየሠራ ባለበት ሰዓት፣ እናቱ አጠገብ ጸጥ ብሎ ተቀምጦ ያየዋል። የ10 ሰዓቱን አቡሽ አይቶት አያውቅም። በዛ ላይ እናትሽ ደህና ነው ትላለች። እና ዶክተሩ ምን ብሎ ይቀይር? ስለዚህ ንግግርሽ ዶክተሩን ማስተማር ሳይሆን እሱ ማየት የማይችለውን ማሳየት ነው። ይኼ ንቀት አይደለም፣ እሱም የሚፈልገው ይኼንኑ ነው፣ እኔን ያየችኝ ዶክተር ወረቀቱን ስሰጣት ቀና ብላ ነው ያየችኝ።

እኛ ያደረግነው እንዲህ ነው። ከልጁ አሮጌ ደብተር መሃል ገጽ ገነጠልኩና በየቀኑ ማታ ማታ ጻፍኩ፣ ብዙ አይደለም፣ አንዳንድ መስመር። ለምሳሌ "ማክሰኞ፣ 1 ሰዓት ኪኒን፣ ቁርስ ግማሽ ዳቦ በሻይ፣ ምሳ ምንም፣ 10 ሰዓት ተኩል ጫማውን ግድግዳ ላይ ወረወረ፣ ራት ሽሮ ሁለቴ አስጨመረ፣ 4 ሰዓት ተኩል ተኛ" እንዲህ እያልኩ። አስተያየት የለበትም፣ ያየሁት ብቻ። ሳምንቱ ሲሞላ ሚስቴ ነች ያየችው፣ የሚቆጣበት ሰዓት ሁልጊዜ አንድ መሆኑን። ያንቺም 10 ሰዓት ነው አይደል? ይኼ ሰዓት ለሐኪም ብዙ ይነግረዋል። ከመምህሯም አንድ ሁለት መስመር በወረቀት አጽፊ፣ ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚሆን።

ስትገቢ ደግሞ "ቀይርልን" ብለሽ አትጀምሪ። ከመልካሙ ጀምሪ። እኔ ብሆን እንዲህ ነው የምለው፣ "ዶክተር፣ መድኃኒቱ ትምህርቱ ላይ በጣም ረድቶታል፣ እናመሰግናለን። ሦስት ነገር ግን አስቸግሮናል፣ ምሳ አይበላም ኪሎው ቀንሷል፣ 10 ሰዓት ላይ ያለቅሳል ይማታል፣ ማታ አይተኛም። በወረቀት ይዤዋለሁ። ዶዙን ማስተካከል ነው፣ ሰዓቱን መቀየር ነው፣ ወይስ ሌላ መድኃኒት መሞከር የሚሻለው?" በቃ። ይኼን ለመናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ ወረፋም ቢኖር ይበቃል። ምርጫውን ለሱ ተይለት ግን ጥያቄውን ጠይቂው፣ "እሺ" ብለሽ ብቻ እንዳትወጪ።

እናትሽን ደግሞ ከቀጠሮው በፊት ቤት ውስጥ አናግሪያት፣ ዶክተሩ ፊት አይደለም። ልጄ ደረቀ የምትለውን እሷው ራሷ ብትናገር ካንቺ ይልቅ ይሰማል፣ እናት ናት።


ቀበሌ ልጅ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና ይኼ ሁሉ የፈረንጅ ፈጠራ ነው። እኛም ልጅ ሆነን ቀዥቃዣ ነበርን፣ አድገን ሰው ሆንን። ሕፃን ልጅ ሱስ በሚያስይዝ መድኃኒት ማሳደግ ልክ አይመስለኝም። አስቁሙት።


ሲስተር ከማራኪ፦

ሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። የልጁን ካርድ ስላላየሁ ይኼን ይውሰድ ያንን ይተው አልልም፣ ግን ከቀጠሮው በፊት ብታውቂው የሚጠቅምሽን ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ ሰዓቱን እይው። ይኼ ተራው አጭሩ ሜቲልፌኒዴት ከተዋጠ በኋላ ለ3 ወይም ለ4 ሰዓት ያህል ብቻ ነው የሚሠራው። የ6 ሰዓቱ ፍሬ 10 ሰዓት ላይ ያልቃል ማለት ነው፣ አቡሽ የሚቀየርበት ሰዓት! መድኃኒቱ ከሰውነት ሲወጣ እንዲህ የሚነጫነጩ፣ የሚያለቅሱ ልጆች ብዙ ናቸው። ጠባዩ ተበላሽቶ አይደለም፣ እባክሽ በዛ ሰዓት እንዳይገረፍ። ይኼን ሐኪሙ በተለያየ መንገድ ሊያስተካክለው ይችላል፣ ዶዙን በመቀነስ፣ ከሰዓት በኋላ ትንሽ በመጨመር (እንቅልፉን ግን ሊያባብስ ይችላል)፣ ወይም ቀስ ብሎ ወደሚለቀው ዓይነት በመቀየር። ስለዚህ ጋሼ እንዳሉት "ቀይርልን" ከማለት ያየሽውን መንገር ነው የሚሻለው፣ ምናልባት ያው መድኃኒት ሆኖ አሰጣጡ ብቻ ይቀየር ይሆናል።

የእውነት መቀየር ካስፈለገስ? መድኃኒቶቹ በሁለት ይከፈላሉ። አነቃቂ የሚባሉት ሜቲልፌኒዴት እና የአምፌታሚን ወገን የሆኑት ናቸው፣ አንዱ ያልተስማማው ልጅ ሌላው ሊስማማው ይችላል። አነቃቂ ያልሆኑት ደግሞ አቶሞክሴቲን፣ ጓንፋሲን፣ ክሎኒዲን ናቸው። አቶሞክሴቲን በአንድ ቀን አይታይም፣ ሙሉ ጥቅሙ እስኪታይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት አንዳንዴም ከዛ በላይ ይፈልጋል፣ እና በሁለተኛው ሳምንት "አይሠራም" ብሎ መተው የለም። ሆድ ያቅለሸልሻል፣ ምግብ ሊያስጠላም ይችላል፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ልጆች ላይ የመከፋት ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ስለሚያመጣ መጀመሪያ አካባቢ በደንብ መከታተል አለባችሁ። ክሎኒዲንና ጓንፋሲን እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛሉ፣ የደም ግፊት ያወርዳሉ፣ በድንገት ከተቋረጡ ግፊቱ ተመልሶ ሊወጣ ስለሚችል አለቀብን ተብሎ ዝም አይባልም። ስለዚህ ለዶክተሩ አንድ ጥያቄ ጨምሪ፣ "የሚያዙልን መድኃኒት እዚህ ጎንደር ሁልጊዜ ይገኛል ወይ፣ ባይገኝ ምን እናድርግ?" በይው። ተጀምሮ ፋርማሲ ሲጠፋ የሚመጣውን መንከራተት እኔ በየቀኑ አያለሁ።

አክስትሽ ልላክ ያለችውን እንዳትቀበሉ። አውቃለሁ በፍቅር ነው። ግን ሜቲልፌኒዴት በ1971 እ.ኤ.አ. በወጣው የተባበሩት መንግሥታት የሳይኮትሮፒክ (አእምሮ ላይ የሚሠሩ መድኃኒቶች) ስምምነት ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ነው፣ በሌላ ሰው ሻንጣ ዝም ብሎ የሚመጣ ነገር አይደለም፣ ያመጣውንም ሰው ችግር ውስጥ ይከተዋል። በዛ ላይ ቁጥሩ አንድ አይደለም። ለምሳሌ ኮንሰርታ የሚባለው ጠዋት ተውጦ ለ12 ሰዓት ያህል የሚሠራው፣ ባለ 18 ሚሊግራሙ የሚተካው ተራውን 5 ሚሊግራም በቀን 3 ጊዜ ለሚወስድ ልጅ ነው። የአቡሽን 20 ሚሊግራም አይተሽ በግምት ብትሰጪው ይዛባል። እሱም ሳይሰበር ሳይታኘክ ነው የሚዋጠው፣ ቅርፊቱ ሰገራ ላይ ሲታይ የሚደነግጡ ወላጆች አሉ። የአክስትሽን ሐሳብ ግን ለዶክተሩ ንገሪው፣ "እንዲህ ዓይነት ሰምተናል፣ ለሱ ይሆናል ወይ?" ማለት ምንም ነውር የለውም።

ዶክተሩ ሳይጠይቅም ቢሆን የምትነግሪው ደግሞ አለ። ቤተሰብ ውስጥ የልብ ሕመም ወይም በለጋ ዕድሜው በድንገት የሞተ ሰው ካለ፣ አቡሽ ሲሮጥ ወድቆ ራሱን ስቶ የሚያውቅ ከሆነ፣ የሚጥል በሽታ ካለበት፣ ዓይኑን ወይም ትከሻውን ሳያስበው የሚያርገበግብ ከሆነ፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን ሌላ የሚወስደው ነገር ካለ። መድኃኒት ሲመረጥ እነዚህ ናቸው የሚታዩት።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። የ6 ሰዓቱን የሚውጠው ከምሳ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ጠዋት ሳይበላ ነው የሚወስደው? አሁን ሁዳዴ ነው፣ ልጁ ይጾማል እንዴ?


የአቡሽ እህት፦

ሲስተርዬ እግዜር ይስጥሽ፣ ጋሼ እርስዎም። ይኼን አንብቤ ዛሬ እንቅልፍ ይወስደኛል።

አዎ ይጾማል። ማንም አላስገደደውም፣ ጓደኞቹ ስለሚጾሙ እሱም እጾማለሁ ብሎ ነው፣ እስከ 6 ሰዓት ነው የሚቆየው፣ ቁርስ የለም ማለት ነው። ኪኒኑን በውሃ ብቻ ውጦ ነው የሚሄደው። የ6 ሰዓቱን ደግሞ እማዬ በወረቀት ጠቅልላ ኪሱ ውስጥ ታደርግለታለች፣ ደወል ሲደወል መጀመሪያ እሱን ይውጣል፣ ከዛ ነው ምሳ ዕቃውን የሚከፍተው። ይኼ ለሐኪም የሚነገር ነገር መሆኑን ማንም የነገረን የለም፣ እነሱም አልጠየቁንም።

ሌላም አስታወሰኝ። ማታ ቡና ሲፈላ አቡሽ ከእማዬ ስኒ ይቀምሳል፣ አንዳንዴ በረካው ላይ የራሱ ስኒ ይሰጠዋል።


ሲስተር ከማራኪ፦

በይ ይኼን ደብተሩ ላይ ከላይ ጻፊው፣ ከሁሉ የበለጠ የሚጠቅመው ይኼ ነው። ሐኪሙ ኪሎው ቀነሰ ሲባል መድኃኒቱን ብቻ ነው የሚያስበው፣ ልጁ ከማታ ራት እስከ 6 ሰዓት ባዶ ሆዱን መሆኑን ካላወቀ ለማያስፈልገው ነገር መድኃኒት ሊቀይር ይችላል። ብዙ ልጆች ላይ ከቁርስ ጋር ወይም ከቁርስ በኋላ ሲሰጥ ይሻላል። የቀኑም እንዲሁ፣ የጠዋቱ ፍሬ ሲያልቅ ረሃቡ ትንሽ ስለሚመለስ ምሳውን ቀድሞ ቢበላ ከዛ ቢውጥ ጥሩ ነው፣ ይኼንን ዶክተሩን ጠይቂውና አስተካክሉት። ማታ ረሃብ ሲመጣ አትቆጥቡለት፣ በሶ በማር፣ ዳቦ በለውዝ ቅቤ፣ ገንፎ በኑግ ወይም በተልባ፣ ጾምም ቢሆን ሆድ የሚይዝ ሞልቷል። ቡናውን ማታ አቁሙለት።

ኪሱ ውስጥ ያለውን ፍሬ ደግሞ ለመምህሯ ወይም ለዳይሬክተሩ ስጡ፣ እነሱ ይስጡት። ሌላ ልጅ ወስዶ ቢውጠው አደገኛ ነው።

ለቀበሌ ልጅ ደግሞ፣ ወንድሜ፣ የምትለው የብዙ ሰው ሐሳብ ስለሆነ ልመልስልህ። ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ነገሩ አዲስ አይደለም፣ ጆርጅ ስቲል የተባለ እንግሊዛዊ የሕፃናት ሐኪም እንዲህ ያሉ ልጆችን በ1902 እ.ኤ.አ. ለሐኪሞች ገልጿቸዋል። መድኃኒቱ አላግባብ የሚወስዱት ሰዎች ስላሉ ነው ቁጥጥር የበዛበት፣ በታዘዘለት ልክ በአፉ የሚወስድ ልጅ ሱሰኛ ሆኗል አይባልም። አንተ አድገህ ሰው ሆነሃል እግዚአብሔር ይመስገን፣ ግን ካንተ ጋር ክፍል ውስጥ ተቀምጠው "ደንቆሮ" እየተባሉ ከ4ኛ ክፍል የቀሩት ልጆች የት እንደደረሱ አስብ። እኔ የማገኛቸው እነሱን ነው፣ 25 እና 30 ዓመት ሆኗቸው።


የማራኪ ተማሪ፦

እኔ ራሴ ኤዲኤችዲ ያለብኝ ነኝ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ 3ኛ ዓመት ተማሪ። የታወቀልኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው ግን አንድ ሰው ተረስቷል፣ አቡሽ ራሱ። ማን ጠየቀው?

የመጀመሪያው ዶዝ ላይ እኔ ዝም ብዬ ነበር። በቃ ዝም። ክፍል እገባለሁ፣ እጽፋለሁ፣ እወጣለሁ፣ ዶርም ውስጥ ልጆቹ ሲስቁ እኔ ለምን እንደሚስቁ ይገባኛል ግን ሳቅ አይመጣም። ቤተሰብ "ተባረክ አሁን ገና ሰው ሆንክ" ይለኛል፣ ውስጤ ግን ደንዝዟል። ለዶክተሯ ይኼን ስነግራት ዶዙ በዝቶብሃል አለችኝ፣ ስትቀንሰው ሳቄ ተመለሰ ትኩረቱም አልጠፋም። ስለዚህ ልጅ ጸጥ አለ ማለት ደህና ሆነ ማለት አይደለም፣ ትልልቆቹ ስላረፋችሁ ብቻ መድኃኒቱ ተስማማው እንዳትሉ እለምናችኋለሁ። ጨዋታው አለ ወይ? ኳስ ይፈልጋል? እንደድሮው ይስቃል? ይኼንም ጻፊው።

እና ቢሮ ስትገቡ ዶክተሩን "እሱንም ይጠይቁት" በይው። ልጅ ሲጠየቅ ይመልሳል። እኔን ዶክተሯ ቡና ስንት ስኒ እንደምጠጣ፣ ጫት እቅም እንደሆነ ሁሉ ጠይቃኛለች፣ ጫት አልቅምም ግን ቡና በጣም ነበር፣ እሱ ሲቀንስ የልብ ምቱም ቀነሰ። ትልልቆች ይኼን የምታነቡ ካላችሁ ጫቱን አትደብቁ፣ እሱም አነቃቂ ነው፣ ከመድኃኒቱ ጋር ልብና ግፊት ላይ ይደራረባል። ዶክተር ፖሊስ አይደለም።


እማማ ዘአራዳ፦

ልጄ ስለ ጸበሉ ማንም ስላልመለሰልሽ እኔ ልመልስልሽ። እናትሽን አትቆጫት፣ ልጇ ሲከሳ ያየች እናት ወዴት ትሂድ። እኔም የልጅ ልጄን ይዤ ጸበል ተመላልሻለሁ፣ ኪኒኑንም አላቋረጥንም። ንስሐ አባታችንን ስንጠይቃቸው "መድኃኒቱንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው፣ ሁለቱንም ያዙ" ነው ያሉን። የታመመ ሕፃን ስለሆነ ስለ ጾሙም እሳቸው ይፈቱታል፣ ከአንቺ አፍ ከሚሰማው ከንስሐ አባቱ አፍ ቢሰማው ደግሞ ልጁም አይከፋውም፣ ጓደኞቼ እየጾሙ እኔ በላሁ ብሎ እንዳያፍር። ስለዚህ እናትሽን ከሐኪሙ በፊት ንስሐ አባታችሁ ጋ ውሰጃት። ጸበሉን ጠዋት በባዶ ሆዱ ከጠጣ በኋላ ቁርሱን ይብላ፣ ከዛ ኪኒኑን ይውሰድ፣ ሰዓቱን ብቻ ለዶክተሩ ንገሩት። ኪኒኑን ጣሉ የሚል ሰው ከገጠማችሁ ግን አትስሙት የኔ ልጅ።


የአቡሽ እህት፦

እማማ እድሜ ይስጥልኝ። ለእማዬ አነበብኩላት፣ ምንም አላለችም ግን ነጠላዋን ለብሳ ወጣች፣ ንስሐ አባታችን ጋ ነው የሄደችው። ተመልሳ "ቁርስ ይብላ ብለዋል፣ ሲያድግ ይጾማል" አለችኝ። ከነገ ጀምሮ ቅንጬ ልትሠራለት ነው።

አቡሽንም ጠየቅኩት። የማራኪው ተማሪ ወንድሜ እግዜር ይስጥህ፣ እኔ መጠየቁን እንኳን አላሰብኩትም ነበር። "ኪኒኑን ስውጠው ምግብ ሲሸተኝ ሆዴ ይገለበጣል" አለኝ። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ለምን ታለቅሳለህ ስለው ደግሞ "ጭንቅላቴ ይደክመኛል፣ ማንም እንዳያናግረኝ እፈልጋለሁ፣ እሷ ደግሞ ታናግረኛለች" አለ፣ ታናሽ እህቱን ማለቱ ነው። ኳስ ግን ይጫወታል፣ ይስቃል፣ እሱስ ደህና ነው። እንዳለ በሱ አነጋገር ጽፌዋለሁ።

ተስማምተናል፣ ስለ አበላሉ እማዬ ትናገራለች፣ እኔ ወረቀቱን እሰጣለሁ፣ ጥያቄውንም እጠይቃለሁ። አባዬም እመጣለሁ ብሏል። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ሲስተርዬ፣ ዶክተሩ የ10 ሰዓቱን ዓይነት ጠባይ በዓይኑ እንዲያይ የቀጠሮው ቀን ጠዋት ኪኒኑን ባንሰጠውስ?


ሲስተር ከማራኪ፦

አይሆንም፣ እንደወትሮው በሰዓቱ ስጡት፣ በልቶ። መድኃኒቱን ሳይወስድ ከመጣ ሐኪሙ የሚያየው መድኃኒቱ የሌለበትን ልጅ ነው፣ ሲያልቅ የሚመጣውን ደግሞ አይደለም፣ ሁለቱ ይለያያሉ። የልብ ምቱና ግፊቱም ሲለካ መድኃኒቱ ውስጡ እያለ ቢሆን ነው የሚጠቅመው። የ10 ሰዓቱን ማሳየት ከፈለግሽ ልጁን ሳታሳፍሪ አንድ ቀን አጭር ቪዲዮ በስልክሽ ቅረጪ፣ ለሐኪሙ ብቻ አሳይተሽ አጥፊው።

ሳይመዘን እንዳትወጡ፣ ኪሎም ቁመትም። ካርዱ ላይ ካልተጻፈ "ይጻፍልን" በይ፣ የሚቀጥለው ሐኪም ሌላ ሰው ከሆነ የሚያነጻጽርበት ነገር ያገኛል። የመድኃኒቱን ማሸጊያ ይዘሽ ሂጂ። አዲስ ነገር ከታዘዘ ደግሞ እነዚህን ሳትጠይቂ አትነሺ፣ የድሮው ዛሬ ይቆማል ወይስ ቀስ ብሎ፣ ለውጡን በስንት ጊዜ እናያለን፣ ቀጠሮ ሳንጠብቅ የምንመጣው ምን ስናይ ነው። ለማንኛውም ደረቱን ካመመው፣ ራሱን ከሳተ፣ የሌለ ነገር አየሁ ሰማሁ ካለ፣ ወይም መሞት እፈልጋለሁ የሚል ቃል ከወጣው ቀጠሮ የለም፣ በዛው ሰዓት ድንገተኛ ውሰዱት።

ሄዳችሁ ስትመለሱ ምን እንዳሏችሁ እዚህ ጻፊልን።